የቀዛፊው ደረጃ

በጌም ውስጥ ደካማ ተዋጊ መርጦ የሚያሸንፍ ሰው አይታመንም። ይህ የጆይስቲክ ጠጋኙ ፍርድ ነበር፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ሰው በቀር የተከራከረው አልተገኘም፣ እሱም ሞቷል። ብርቱን መርጦ ያሸነፈ ተገቢውን አደረገ፤ ደካማን መርጦ የተሸነፈ የእጁን አገኘ፤ ደካማን መርጦ የሚያሸንፍ ግን፣ ይል ነበር ጠጋኙ፣ ከጨዋታው ውጭ የሆነ አንድ ነገር ይዟል። አነጋገሩ የተስተካከለ ስለነበር እውነት ይመስል ነበር። የተስተካከለ አነጋገር ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ አንደበተ ርቱዕ ሐሰተኛ ባልተገኘ።

ሱቁ በጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና በጫማ ማደሻ መካከል የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ውጭ የሚቀርባት ጠባብ ክፍል ነበረች። በግድግዳዋ ላይ የትናንሽ መሳቢያዎች መደርደሪያ አለ፤ በያንዳንዱ ላይ በራሱ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ «የግራ ጎማ»፣ «የቀኝ ጎማ»፣ «ሞላ»፣ «ብሎን፣ አጭር»፣ «ብሎን፣ ከሁሉም አጭር» ተብሎ ተጽፏል። ሥራውን ያውቃል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሰውን ግን አያምንም። ጆይስቲክ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ከሰላምታ በፊት የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው።

«ወድቆ ነው?»

«ኧረ አልወደቀም።»

«አልወደቀም» ይላል ጠጋኙ፣ ካቻቢቴውን እያነሣ። «እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የወደቀ ጆይስቲክ መጥቶልኝ አያውቅም። ሁሉም ቆመው ነው የሚሞቱት።»

ሰውየው ያፍራል፣ ወይም ይስቃል፣ ወይም ሌላ ጠጋኝ ፍለጋ ይሄዳል። ሌላ ጠጋኝ ስለሌለ ግን ተመልሶ ይመጣል።

ጠጋኙ አምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀርቶታል። ከጥገናው ቀጥሎ የሚኮራበት ነገር ቢኖር አንድ ጥቁር ልባስ ያለው ወፍራም መዝገብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ «ሰባቱ በሮች» የተባለውን የድብድብ ጌም አምስቱንም ክፍሎች እያነጻጸረ ጽፏል። ጌሙ ሁለት ተዋጊዎች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት ነው፤ ክፍል ከክፍል ሳይቀሩ የሚመላለሱ ዐሥራ ሁለት ተዋጊዎች አሉት። አንበጣ የተባለው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ደህና አድርጎ የመታው ሰው ይገላገለዋል። ግንቡ የተባለው እስኪዞር ሻይ ይጠጣል፣ የመታ ዕለት ግን አይተርፉለትም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን እንደ ምርኩዝ የሚደገፍ ጎባጣ ሽማግሌ ነው።

ሕጉም ከክፍል ወደ ክፍል ይለወጣል። በመጀመሪያው ክፍል መመከት ዋጋ አያስከፍልም፤ ምት በመጣ ቁጥር ወደ ኋላ የሚያስረግጠውን አቅጣጫ ነካ የሚያደርግ ተጫዋች ቀኑን ሙሉ ቢደበደብ አይጎዳም። ፈሪ የነገሠበት ክፍል ነው ይለዋል መዝገቡ። በሁለተኛው ለመመከት ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል፤ የሚመክት ሰውም ትንፋሹ ይቀንሳል። በሦስተኛው በትክክለኛዋ ቅጽበት የመከተ ሰው ምቱን በመጣበት መንገድ ይመልሰዋል፤ ጠጋኙ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህን ነበር። በአራተኛው የወደቀ ተዋጊ ተንከባሎ መነሣት ተማረ። አምስተኛው ሁሉንም ደባለቀና ሁሉንም አደበዘዘ።

ለያንዳንዱ ተዋጊ አንድ ገጽ፣ በያንዳንዱ ገጽ አምስት ዓምድ፣ በያንዳንዱ ዓምድ ግርጌ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት የሚሰጥ ደረጃ ነበር። የቀዛፊው ገጽ ከሁሉ አጭሩ ነው። የቀዛፊው ኃይል ያለው በአንዲት ምት ነው፦ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ይይዛል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ሳይለቅ ይቆያል፣ ከዚያ ወደ ፊት ሲገፋ መቅዘፊያው ወለሉን ጠርጎ ባላጋራውን ከእግሩ ይነቅለዋል። መዝገቡ ግን «አይታመንም፤ ብዙ ጊዜ አይወጣም» ይላል። በዐሥራ አንድ ቦታ ላይ «ወጣ፣ በዕድል» የሚል በትንንሽ ፊደል ተጨምሯል። በአምስቱም ዓምዶች ግርጌ ደረጃው ዐሥራ ሁለተኛ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፀጉር አስተካካዩ የጓዳ ክፍል የሚሰበሰቡት ከጠጋኙ ሌላ ሰባት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ይህን ጌም በልጅነታቸው የጀመሩና ሽበት እስኪያበቅሉ ያልተዉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከነሱ መካከል የቤቱ ባለቤት ፀጉር አስተካካዩ፣ ሻይ የምታቀርብላቸውና ስትፈልግ ሁሉንም የምትረታው ሚስቱ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ የሒሳብ መምህሩና የጠጋኙ ጎረቤት ጫማ አዳሹ ይገኙበታል። ክርክር ሲነሣ «መዝገቡ ምን ይላል?» ይባባላሉ። ከጊዜ በኋላ ሰውየውን ራሱን መዝገቡ ብለው ጠሩት። መዝገቡ ቀዛፊው ደካማ ነው ስላለ ቀዛፊውን የሚመርጥ ጠፋ፤ የሚመርጠው ስለጠፋም ቀዛፊው ስለ ራሱ ሊመሰክር አልቻለም። ሰባት አዋቂ ሰዎች ከገዛ እጃቸው ይልቅ የሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ አመኑ። ይህም የጠጋኙ ጥፋት ብቻ አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ ወደዚያ ክፍል የገባችው አዲስ ሰፍታ የጨረሰቻቸውን የፀጉር ቤቱን ሽርጦች ልታደርስ መጥታ ነው። የጠጋኙ ታናሽ ወንድም ሚስት ነበረች፤ ወንድሙ ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከፀጉር ቤቱ ማዶ ባለች አንዲት ክፍል የተማሪ ልብስና መጋረጃ እየሰፋች ትኖራለች። ሽርጦቹን አስረክባ ለመውጣት ስትል ቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗ አረፈ፣ ቆመች።

«ትጫወቻለሽ እንዴ?» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«እሱ አስተምሮኝ ነበር።»

«በይ እስኪ ተቀመጪ። ማንን ልምረጥልሽ?»

«ቀዛፊውን።»

ሹፌሩ ሳቀ። «እሱን እኮ ጡረታ አውጥተነዋል።»

«እንግዲያው ሰነባብቶ ይሂድ» አለችና ከቦርሳዋ ውስጥ አፉ በክር የሚሰበሰብ የጨርቅ ከረጢት አወጣች። ከከረጢቱ ውስጥ የወጣው ያረጀ ጆይስቲክ ነበር። የቤቱን ትታ የራሷን ሰካች።

አምስት ጊዜ ተጋጠሙ፤ ሹፌሩ አራቱን ተሸነፈ። ልብስ ሰፊዋ ትመክታለች፣ ትመክታለች፣ ሹፌሩ ሲቸኩል መቅዘፊያው ወለሉን ይጠርጋል። አንድ ጊዜም አልከሸፈም። የቀሩት ሲስቁ ጠጋኙ ብቻ አልሳቀም። እሱ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እጇን ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ መጣች፣ በሦስተኛውም። ጠጋኙ በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ያየውን መጻፍ ጀመረ። ጆይስቲኳን ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትመልሳለች። የሒሳብ መምህሩ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ እንዳላየች ሆና ወደ ከረጢቱ ከተተችው። ስትጫወት እጇ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ነው። ለሌላ ሰው አልፎ አልፎ የሚወጣው ምት ለሷ ሁልጊዜ ይወጣል። ከዚህ በታች ሁለት ጊዜ አሠመረና «ሁልጊዜ የሚገኝ ዕድል፣ ዕድል አይደለም» ብሎ ጻፈ።

ትክክል ነበር። ከትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ተነሥቶ ወደ ተሳሳተ ሰው መድረስ የሚጠራጠሩ ሰዎች የተለመደ ጉዞ ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ተራው የራሱ ሆነ። የተመረጠው ሦስተኛው ክፍል ነው፤ እሱ ግንቡን ያዘ፣ እሷ ቀዛፊውን። ትክክለኛዋን ቅጽበት ጠብቆ ምቷን ሊመልስ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይን ጥቅሻ ያህል ዘገየ። ግንቡ በጀርባው ተዘረጋ። 

«መዝገቡ ምን ይላል?» አለ ሹፌሩ፣ ከፊቱ ላይ ፈገግታውን ሳይሰበስብ።

ጠጋኙ ተነሣ። «እስኪ ይቺን ጆይስቲክ ልያት።»

«አይ ጋሼ፣ እሷን አይንኩብኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚባል ምክንያት የለም። ንጹሕ ነገር በከረጢት አይሸፈንም። ቀዛፊው በአምስቱም ክፍል እንደማያሸንፍ ለዐሥራ አንድ ዓመት ፈትሼ ጽፌያለሁ፤ እነዚህ ሁሉ ያውቃሉ። ታዲያ አሁን ያሸነፈው ማነው? አንቺ ሸፍነሽ የያዝሽው ነገር ነው። ይህ ማጭበርበር ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ወለሉ ላይ የሌለ ፀጉር አየና በእግሩ ገፋው። ሚስቱ የሻይ ማቅረቢያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ልብስ ሰፊዋ ጆይስቲኩን ከመስመሩ ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከረጢቱንም አጥፋ ከጎኑ አስቀመጠች።

«ይውሰዱትና ይፍቱት» አለች። «ፈትተው ሲጨርሱ ግን ያገኙትን ልክ አሁን በተናገሩበት ድምፅ ይናገሩ።»

ወጣች። በሩን ወርውራ አልዘጋችም።

ጠጋኙ በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ጆይስቲኩን ፈታ። ቦርዱ ንጹሕ ነው። ከቁልፎቹ ሥር ያሉት ጎማዎች ሙሉ ናቸው። የተጨመረ ሽቦ የለም፣ የተጨመረ ቁልፍ የለም። ከገመዱ መግቢያ ሥር አንዲት የቆየች ብየዳ አገኘ፤ ቀረብ አድርጎ ሲመለከታት የራሱ እጅ ሆነች። ወንድሙ ከስድስት ዓመት በፊት ተቆርጦበት አምጥቶ ነበር። ከዚያ በቀር ምንም የለም።

ምንም ያላገኘ ሐቀኛ ሰው «ምንም አላገኘሁም» ይላል። ጠጋኙ ግን ባዶነቱን ራሱን ጠረጠረው። ይህን ያህል ዘመን አገልግሎ ይህን ያህል ንጹሕ የሆነ ቦርድ ምን ማለት ነው? አውቃ አጽድታዋለች፤ የነበረውን ነገር ነቅላ ነው ትታልኝ የሄደችው፤ እንድፈታው የጋበዘችኝም ለዚሁ ነው። ማክሰኞ ዳግመኛ ፈታው፣ ዓርብ ለሦስተኛ ጊዜ። ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ሲደርስ ሁሉም ዓይን ዓይኑን አዩት።

«እህሳ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ምርመራው አልተጠናቀቀም።»

ውሸት አልተናገረም ሊባል ይችላል። የባሰውን ነው ያደረገው፤ ዝም ለማለት የሚያመች እውነት መረጠ።

ልብስ ሰፊ ከሌላው ባለሙያ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሰው ጨርቁን ሙሉውን ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ምን ያህሉ ልብስ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ ቁርጥራጭ ሆኖ እንደወደቀ የሚያውቀው መቀሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊ የሚኖረው በእጁ ብቻ ሳይሆን በስሙም ጭምር ነው። በፀጉር ቤቱ ጓዳ የተጣለው ቃል መንገዱን ለመሻገር አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ ጠጋኙ ወደ ልብስ ሰፊዋ ክፍል አመራ። ሊጠይቃት ያሰበው እሱ ገመዱን ከበየደ በኋላ ጆይስቲኩን የፈታው ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ ድምፅ ሰማና ቆመ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ነበረች። ይህች ሴት ከዚህ ቀደም ጨርቋን ደጃፍ ላይ አስረክባ፣ ርዝመቱን እንኳ ሳታስለካ የምትሄድ ነበረች። አሁን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት በርጩማ ስባ ተቀምጣለች።

«እኔ እንኳ ምንም ብዬ አይደለም» ትላለች። «እንዲሁ ሥራ ስለፈታሁ ነው የተቀመጥኩት።»

«ተቀመጪ እህቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መቀስ ሰው ሲያየው አይደነግጥም።»

«ቁርጥራጩንም... ለልጆቹ አሻንጉሊት ይሆናል ብዬ ነው...»

«እጠቀልልልሻለሁ። የተማሪዎቹም ወላጆች እየጠየቁኝ ነው። ሰሞኑን በዚህ ሰፈር አሻንጉሊት በዝቷል።»

መቀሱ ጨርቁን ሲበላ ይሰማል። ጠጋኙ ያነሣውን እጅ አወረደ፣ ሳያንኳኳ ተመለሰ።

ወደ ሱቁ ሲገባ የያዘው ስሜት ጸጸት ነበር ብሎ መጻፍ ለሱ ያማረ ይሆናል፤ እውነቱ ግን ያ አይደለም። የያዘው ፍርሃት ነበር፦ ሴትዮዋ ንጹሕ ከሆነች እሱ ምን ሊባል ነው? ስለዚህ ጥፋቷን ለማግኘት የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። የጆይስቲኳን የግራ አቅጣጫ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር ሊለካ፣ ማነጻጸሪያ ይሆነው ዘንድም መዝገቡን ሁሉ የጻፈበትን የራሱን ጆይስቲክ ከጎኑ ሊያኖር ወሰነ። በመጀመሪያ የሷን ለካ። ግራውን ተጫነ፤ መርፌዋ ተነሣች፤ ጣቱን ሳያነሣ እስከ ዐሥር ቆጠረ፤ መርፌዋ እንደቆመች ቀረች። ጤነኛ ነው። የራሱን ተጫነ። መርፌዋ ተነሣች። አንድ አለ። ሁለት ሳይል መርፌዋ ተኛች።

ቴስተሩ ተበላሸ ብሎ ባትሪውን ለወጠ። ተጫነ፣ ተነሣች፣ ተኛች።

ያን ጊዜ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላደረገውን አደረገ፤ የራሱን ጆይስቲክ ፈታ። ጎማው ደህና ነበር። በአጉሊ መነጽር ሲያይ ግን ከግራው ጎማ ሥር በቦርዱ ላይ ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አየ። ጣት ሲያርፍባት ትገጥማለች፤ ጣት ሲቆይባት ቦርዱ በጥቂቱ ይጎብጥና ትከፈታለች። ሌሎቹ ዐሥራ አንድ ተዋጊዎች ምት ሲሰነዝሩ ግራን ነካ አድርገው የሚለቁ ስለሆኑ አያውቋትም። ለምቱ ወደ ኋላ ይዞ መቆየት የሚያስፈልገው ቀዛፊው ብቻ ነው።

መዝገቡን ከፈተ። ጠጋኙ ሁልጊዜ ሲፈትሽ ተዋጊውን የሚያቆመው በግራ በኩል ነው፤ በግራ የቆመ ተዋጊ ወደ ኋላ የሚለው ግራን በመያዝ ነው። ተዋጊዎቹ ተዘላለው ቦታ ሲለዋወጡ ግን ወደ ኋላ ማለት ቀኝን መያዝ ይሆናል። «በዕድል» ብሎ የጻፈባቸውን ዐሥራ አንድ ቦታዎች አንድ በአንድ አነበበ። በስምንቱ ላይ «ቦታ ከተለዋወጡ በኋላ» የሚል በራሱ እጅ ተጽፏል። በሦስቱ ላይ አልተጻፈም፤ መጻፉን ረስቶት ይሆናል። የሁለተኛውን ክፍል ሕግ በጻፈበት ገጽም «መመከት አያዛልቅም» የሚል አገኘ፤ ሰባቱ ሰዎች እስከ ዛሬ በዚያ ክፍል ረጅም መመከት የማይደፍሩት በዚህ ቃል ነው።

ስንጥቋ ከየት እንደመጣች ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። መዝገቡን በጀመረበት ሰሞን ነው። ብርጭቆ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ክርኑ ነካውና ጆይስቲኩ ከጠረጴዛው ወደ ሲሚንቶው ወረደ። ያኔ በመጀመሪያ ያደረገው ወደ በሩ መመልከት ነበር። ማንም አልነበረም። አነሣው፣ በእጅጌው ወለወለው፣ ወደ ቦታው መለሰው።

ሌላም ነገር ትዝ አለው። ወንድሙ አንድ ቀን እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ በዚሁ ጆይስቲክ ቀዛፊውን ሞክሮ ነበር። ምቱ አልወጣለትም። «ጆይስቲክህን እየው፣ ግራው ታሟል» አለው። እሱም «የሰነፍ ጥፋት ሁልጊዜ መሣሪያው ላይ ነው» ብሎ መለሰለት፤ ተሣሣቁ። ወንድሙ ሁለተኛ አላነሣበትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሲጫወቱ የራሱን ጆይስቲክ ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቀዛፊውንም በታላቁ ፊት መምረጥ ተወ።

ከሰዓት በኋላ ጆይስቲኩን ገጥሞ፣ ከከረጢቱ ከትቶ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ነበረች፤ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳለች። ከረጢቱን ከጨርቆቹ ላይ አኖረላት።

«ምን አገኙ ጋሼ?»

«ምንም።»

«መቼ ነው ምንም ያላገኙት?»

«እሑድ።»

«የቱ እሑድ?»

«የመጀመሪያው። በሰጠሽኝ ማግስት።»

ልብስ ሰፊዋ የመኪናውን መሽከርከሪያ በእጇ ይዛ አቆመችው። «ዛሬ እኮ ሁለተኛው ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። የታመመው የኔው ነው። ግራው። ቦርዱ ተሰንጥቆ... ቀዛፊውን ስፈትሽ የኖርኩት በተሰነጠቀ ነው።»

«ወድቆ ነበር?»

«አልወደ...» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ። «ወድቋል።»

«እንግዲያው አንድ ተገኘ» አለች። የወደቀ ጆይስቲክ መጥቶልኝ አያውቅም የሚለውን አባባሉን ከባሏ ሰምታ ነበር፤ ነገር ግን አልሳቀችም።

«እንዳልነካው የከለከልሽኝ ለምን ነበር ታዲያ?»

ጆይስቲኩን ከከረጢቱ አወጣችና ገልብጣ አሳየችው። ከግራው አቅጣጫ ላይ የፕላስቲኩ ጠርዝ ተበልቶ ጎድጉዷል። «አውራ ጣቱ የበላው ነው። ወደ ኋላ ይዞ ሲቆይ እዚህ ላይ ነበር የሚጫነው። ሌላ ጣት እንዲጨርሰው አልፈለግሁም። ይህን ደግሞ ሹፌሩ ጥርሱን እያሳየኝ እንዴት አድርጌ ልናገር?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ተመለከተች። «እዚህ? እዚህ እኮ የሚሰማዎት የስፌት መኪናው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወሬ አያወጣም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«በእኔ በኩል ይቅር ብዬዎታለሁ። የሱ ወንድም ነዎት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? የኔ ይቅርታ ግን ያቺን በርጩማ ከፊቴ አያነሣትም። ያሉኝን ያሉት በሰባት ሰው ፊት ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ቆጠራ ይወዳሉ፤ ቆጥረው ይመልሱልኝ።»

እንደገና መሽከርከሪያውን ገፋችው። ጠጋኙ ይህን ስንብት ነው ብሎ ወሰደው፤ ትክክልም ነበር።

ቅዳሜ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ፀጉር ቤቱ ገባ። የተለመደ ወንበሩን ትቶ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ቆመ፤ ፀጉር አስተካካዩ የያዘውን ጨዋታ ማቋረጥ ግድ ሆነበት።

«የምናገረው አለኝ» አለ። «ባለፈው ልብስ ሰፊዋን አጭበረበረች ብያለሁ። ጆይስቲኳ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ መሆኑንም ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ዝም አልኩ። የተበላሸው የኔው ነው። እኔው ጥዬው፣ መጣሉን ደብቄ፣ በሱው ፈትሼ ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ። እሷ ያሸነፈችን ስለቻለች ነው።»

የሒሳብ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱም እንደ ብዙ ደጎች ያለ ቦታው ይመጣል። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ጨዋታ ነው» አለ።

«ስለ ጨዋታ ብናገር ኖሮ ልክ ነበርክ። እኔ ግን የተናገርኩት ስለ ሰው ነው። የሰው ጨርቅ የምትቆርጥ ሴት ናት።»

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ደፋ። ስለ ሚስቱ በርጩማ ሳያውቅ አልቀረም።

«ታዲያ አሁን ቀዛፊው ስንተኛ ነው?» አለ ከኋላ የተቀመጠው ጫማ አዳሹ።

ጠጋኙ መዝገቡን ከፍቶ በአምስቱም ዓምዶች ግርጌ ያለውን ዐሥራ ሁለተኛ ሰረዘው። በምትኩ ምንም አልጻፈም። «አላውቅም» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቶ የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ቀጥሎ የቤቱን ጆይስቲክ አነሣ፣ ቀዛፊውን መረጠ፣ ከጫማ አዳሹ ጋር ገጠመ፤ ተሸነፈም። ወደ ኋላ ይዞ መቆየትን እጁ አያውቅበትም።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን አልመጣችም። ሹፌሩም ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ነበር። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት እኅቷ ዘንድ ሄዳለች።

አንድ ሰው ደካማ የሚባለውን መርጦ ቢያሸንፍ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ደካማ ያለው ሰው ሚዛን ነው። ጠጋኙ ይህን የተማረው በሌላ ሰው ስም ላይ ነው፤ ስለዚህም ምስጋና አይገባውም። ለወንድሙ «ልክ ነበርክ» ማለት ነበረበት፤ ያንን የሚሰማ የለም። ለልብስ ሰፊዋ ደግሞ በሰባት ሰው ፊት የተናገረውን በሰባት ሰው ፊት መመለስ ነበረበት። የሰሙት አምስት ናቸው። ሁለቱ ገና አልሰሙም።